ግድብ ጠባቂው ይሙት ይኑር

ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቁልፍ ሠሪው ቤቱ ጸጥ ይላል ብሎ ነበር። ጭራሽ ልጁ ጓደኞቿን ሰብስባ መግባት ጀመረች።

ጓደኞቿ ሁለት ናቸው። ጺማሙ አውቶቡስ ይነዳል፤ ከጥቁር ካናቴራ ሌላ ልብስ ያለው አይመስልም። ሁለተኛዋ ነርስ ናት። ሦስቱን ያገናኛቸው «ዝገት» የሚባል የፕሮግረሲቭ ሜታል ባንድ ነው። ለቁልፍ ሠሪው ጆሮ ሙዚቃው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከሚወርድ በረዶ አይለይም። ዘፋኙ ሲያጓራ መጀመሪያ የሰማ ቀን፣ «ይሄን ሰውዬ ሐኪም ዘንድ የሚወስደው ዘመድ የለውም?» ብሎ ጠየቀ። ነርሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ይመጡ ነበር። ቆይቶ በየቀኑ ከሥራ መልስ ሆነ። ሳሎኑ ሰፊ ሆኖ ሳለ ወንበራቸውን ከእሱ መሥሪያ ክፍል በር ፊት ለፊት ይደረድራሉ። በሩን ሊዘጋ ሲነሳ ልጁ «ተወው አባዬ፣ ይሞቃል» ትለዋለች። እሱም ይተወዋል።

ክርክራቸው ሁሌም አንድ ነው። ባንዱ በሁለት አልበም የአንድ ግድብ ጠባቂ ታሪክ ሲተርክ ቆይቷል። በመጀመሪያው አልበም ግድቡ ይሰነጠቃል። በሁለተኛው ጎርፍ የጠባቂውን ሚስት ይወስዳታል፤ እሱ ግድቡ አናት ላይ ቆሞ ውሃውን ቁልቁል ሲያይ አልበሙ ያልቃል። ሦስተኛው ሊወጣ ነው። ሰውየው ውሃው ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም? ጠቡ እዚህ ላይ ነው።

«ይገባል እንጂ!» ይላል ጺማሙ። «ባይሆን ምን ቀራቸው? ከበሮውን ቀነሱ፣ ፒያኖ አስገቡ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። አዲስ አድማጭ ፍለጋ ሲሄዱ እኛን ሊያጡን ነው።»

«ፒያኖው የሚመጣው እኮ እሱ ብቻውን ሲሆን ነው» ትላለች ነርሷ። «ሰው ሲጨንቀው ሁልጊዜ አይጮህም። እኔ የምፈራው ዝም የሚለውን ነው።» ከዚያ ወደ ቁልፍ ሠሪው ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው ሰሞኑን?» ትለዋለች። ነርስ መቼም ሥራዋን ሥራ ቦታ ትታ አትመጣም።

«እንደ ሕፃን ነው የምተኛው» ይላታል።

ልጁ ግን በዚህ ክርክር ቀልድ አታውቅም። «አይገባም» ትላለች። «ሴት ልጅ አለችው።»

«የታለች?» ይላል ጺማሙ። «ግጥሙ ላይ የለችም።»

«አለች። ከበስተኋላ የምትዘፍነው ድምፅ የማን ይመስልሃል? እሱ አልሰማት አለ እንጂ ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ አለች።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ስለ ሙዚቃ እንዲህ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቁልፍ ሠሪው አይቶ አያውቅም። ነገሩ አልጥም አለው።

ልጅቷ ከስታለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሌሊት ሲነሳ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ያገኛታል። «ውሃ ልጠጣ ነው» ትላለች፤ ብርጭቆ ግን አልያዘችም።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ!»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አንድ ቀን ደግሞ ስትሸኛቸው በሩ ላይ ሲያወሩ ሰማ። «ብቻዬን አልችለውም» ትላለች ልጁ። «ማን ብቻሽን አለሽ?» ይላል ጺማሙ። «ነገ የኔ ተራ ነው።»

የምን ተራ? ቁልፍ ሠሪው ተከትሎ ወጣና ክንዱን ያዘው። «አንተ! ልጄን ምን ልታደርጓት ነው?»

ጺማሙ መሬት መሬት አየ። «ምንም፣ ጋሼ» አለ።

ቁልፍ ሠሪው ሞት እያስተማሯት ነው ብሎ ደመደመ። በእናቷ ሐዘን የተሰበረች ልጅ፣ ቀን ከሌት ስለሚሰጥም ሰው እያወሩላት እንዴት ትድናለች?

በዚያ ሰሞን ሥራም በዝቶበት ነበር። ደንበኞች ትተውት የሄዱትን ሁሉ ጨርሶ አስረከበ። የቤቱን በሮች ማጠፊያ ዘይት ቀባ። ደህና ደህናዎቹን ሞረዶች ለጎረቤቱ ለሰዓት ሠሪው ሰጠ፤ «ዓይኔ ደክሟል» አለው። በዚህ ላይ ያስቀመጠው ዕቃ ጠፍቶበት ቤቱን ሲያገላብጥ ሰነበተ።

ሦስተኛው አልበም የወጣ ቀን ጓደኛሞቹ ሳሎን ተሰብስበው ሳለ ፍለጋው ልጁ ክፍል አደረሰው። መሳቢያዋን ሳበ። ከካናቴራዎቿ ሥር በላስቲክ የተቋጠረ ነገር ነበር። የሚስቱ መድኃኒት ነው፤ ከሕመሟ የተረፈው ሁሉ አንድ ላይ።

ሰው ይህን ለምን ሰብስቦ እንደሚያስቀምጥ አላጣውም።

ሳሎን ሲደርስ የመጀመሪያው ዘፈን ፒያኖ ጀምሯል። ማጫወቻውን ነቀለው። ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

«ውጡልኝ ከቤቴ!» አለ።

ጺማሙም ነርሷም ከተቀመጡበት አልተነሱም። ልጁ ቋጠሮውን አይታ ፊቷ አመድ መሰለ።

ቁጣው አልቆየም። ፊቷ ተንበረከከና እጆቿን ያዘ። ሚስቱን ሲቀብር ያልወጣው እንባ አሁን ወረደ።

«ልጄ፣ እንዴት ይሄን አሰብሽ? ሐዘን ያልፋል እኮ። የሚወድሽ ሰው እዚሁ አጠገብሽ እያለ? እኔን ለማን ትተሽ ነው?»

ልጅቷ እያለቀሰች እጆቹን አጥብቃ ያዘች።

«ከኮትህ ኪስ ነው ያወጣሁት፣ አባዬ።»