የክረምቱ ዋስ

ልጄ ማኅደር የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ኬሚስትሪ ትማራለች። ክረምቱን ላብራቶሪ ገብታ ምርምር እንድትሠራ አንድ ድርጅት ሙሉ ወጪዋን ሸፈነላት። የጠየቀው ዋስ ብቻ ነው። ዋሷ እኔ ነኝ። እዚያ ብትቃጠል፣ ብትቆረጥ ቁስሉ የእሷ ነው፤ ሕመሙ ግን በውሉ መሠረት ወደ እኔ ይዞራል፤ እሷን ምንም አይሰማትም። ድርጅቱ እንዲህ ያደረገው የተማሪዎቹ እጅ ሕመም በመፍራት እንዳይንቀጠቀጥ ነው አሉን።

ዛሬ ረፋድ ላይ ከባለቤቴ ከዘርፌ ጋር ሽንኩርት ስከትፍ ቀኝ መዳፌ ድንገት ተንገበገበ። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ።

«ደግሞ ከሥራ ለማምለጥ ነው?» አለች ዘርፌ እየሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋ ቆመ።

ስልኩን በግራ እጄ አንስቼ ለልጄ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«ቀኝ መዳፍሽን እዪው።»

«ኧረ ምንም አላመመኝም!»

«አንቺንማ ምን ያምሻል! እዪው አልኩሽ!»

የያዘችውን ዕቃ ስታስቀምጥ ተሰማኝ። ከዚያ ድምጿ ቀጠነ። «አባዬ፣ ጓንቱ ተቀዷል። አሲድ ገብቶበታል።»

«ውሃ! ቶሎ ቧንቧ ስር አድርጊው!»

የውሃው ድምፅ በስልኩ ተሰማኝ። ቆይቶ መዳፌ በረድ አለ፤ ጨርሶ ግን አልተወኝም።

«አሁን ማስታገሻ ዋጥ፣ እሺ አባዬ?» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ዘርፌ ኪኒንና ውሃ ይዛ መጣች። ኪኒኑን ምላሴ ስር ደብቄ ውሃውን ጠጣሁ። ወደ ምድጃው ስትዞር ተፋሁት። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው። ሕመሙ ከጠፋብኝ ለማኅደር ማን ይነግራታል?