ውኃ ልክ

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን፣ አናጢው አቶ የሽዋስ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ደብረ ማርቆስ ለምትኖረው ለመምህርት መክሊት የዓሣ መስታወት መቆሚያ ሠርተው ቤቷ ድረስ አመጡላት። እንጨቱ ዋንዛ ነበረ፤ ውኃ ልካቸውን ቢያጋድሙበት አረፋዋ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም።

መስታወቱ ተጭኖ ውኃና ዓሣዎቹ ሲገቡበት ግን፣ ውኃው ትንሿ ልጇ ወንጌላዊት በተኛችበት አልጋ በኩል ከፍ ብሎ ቆመ።

«አባቴ፣ ዘመመ እኮ! ልጄ ላይ ሊወድቅ ነው!» አለች መክሊት።

«የሚዘምመው ከጠላ ቤት የወጣ ሰው ነው፤ የእኔ ዋንዛ አይዘምም። ወለልሽ ይሆናል» ብለው ከእግሩ ሥር ሽብልቅ ከተቱ። ውኃው ግን ያው ነው። ሽብልቁን አውጥተው ውኃ ልኩን ደግመው አጋደሙ፤ አረፋዋ ከመሃል ናት።

ልጅቱ በድምፃቸው ነቅታ ከአልጋዋ ወረደችና መቆሚያውን ዞራ ከአጠገባቸው ቆመች።

«አባባ፣ ዓሣዎቹ እኔን ነው የሚያዩት?»

ውኃው ቀስ ብሎ ዞረና በእርሷ በኩል ከፍ አለ። ዓሣዎቹም አብረውት ዞሩ።

የስንቱን ቤት ጠማማ ያቀኑት ሽማግሌ መስታወቱን በሁለት እጃቸው ደገፉ። «ልጅሽን አርቂያት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

መክሊት ልጇን አቅፋ ወደ በሩ ሸሸች። በራቀች ቁጥር ውኃው ወደ በሩ ይበልጥ ተቆለለ፤ በመዳፋቸው ሥር መስታወቱ ሲጥ አለ።

«አትሂጂ! መልሻት!»

ቀኑን ወይም ዕድሜያቸውን አዛብቼ እንደሆነ የሚያውቅ ያርመኝ። ውኃ ልኩ ግን ልክ ነበረ።