የማርሎን ቋጠሮ

«ልጅቷን አውርጂያት!»

ባሕሩ ዳር የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ...

አባባ ፍሎሪስ ናቸው። ከነጫማቸው ውሃው ውስጥ ገብተዋል።

ዊልና ቀና ብላም አላየቻቸው። የስምንት ዓመት ልጇን ኤስሜን ላይፍ ጃኬት አልብሳ ትንሿ የሸራ ጀልባ ውስጥ አስቀምጣ፣ ወገቧን በገመድ ከመቀመጫው ጋር እያሰረች ነው።

በላንጌባን ወሽመጥ የወላጅና የልጅ ውድድር ቀን ነው። ነፋሱ ዛሬ ማልዶ ተነስቷል። ሸራዎቹ ይንጣጣሉ...

«አባባ፣ ዛሬ አይድከሙ። ዛሬ ማንም አያስቆመኝም።»

ባሏ ማርሎን የሞተው በዚሁ ውሃ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው። ከውድድር በፊት ብቻውን ሊለማመድ ወጣ፣ ጀልባው ተገለበጠ... አለቀ። አስከሬኑን ያገኙት አባቱ ነበሩ። አባባ ፍሎሪስ።

ከዚያ ወዲህ ኤስሜ ባሕሩን ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

ዊልና ግን ቆርጣለች። ልጄ ደጃፏ ላይ ያለውን ውሃ እየፈራች አታድግም!

«ያ ገመድ ምንድነው?» አሉ ሽማግሌው።

«እንዳትወድቅብኝ ነዋ! ማርሎን ያስተማረኝ ቋጠሮ ነው። በፍጹም አይፈታም።»

አባባ ፍሎሪስ ቋጠሮውን ትኩር ብለው አዩት...



ከዚያ ቀስ ብለው፦

«እሷን አውርጂና እኔን እሰሪኝ።»

«ምን?!»

«በዚያው ቋጠሮ። አጥብቀሽ።»

«ካሰርኩዎት በኋላ ዞር ይሉልኛል?»

«እላለሁ።»

ዊልና በንዴት ልጇን አሸዋው ላይ አቆመቻት። ሽማግሌውን ጀልባው ውስጥ አስቀምጣ አሰረቻቸው። አጥብቃ። እንደ ቂም አጥብቃ።

«አሁን ወደ ውሃው ውስጥ ግፊኝ።»

ባሕሩ ዳር ስልኮች ወጡ። «ቅረጽ፣ ቅረጽ! ሽማግሌው ሊወዳደሩ ነው!»

ውሃው የዊልና ደረት ጋ ሲደርስ አባባ ፍሎሪስ መላ ሰውነታቸውን ወደ አንድ ጎን ጣሉ።

ጀልባው ተገለበጠ።

ሸራው ውሃው ላይ ተነጠፈ... እሳቸው ከሥር።

«አባባ፣ አሳው ከታች ነው!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ።

ዊልና ጠበቀች። አሁን ይወጣሉ...

አሁን...

አልወጡም።

ጠልቃ ገባች። ቋጠሮውን አገኘችው። ውሃ ጠጥቶ፣ ተወጥሮ፣ ድንጋይ ሆኗል። ጎተተችው። ጥፍሯ ተሰበረ። በጥርሷ ሞከረች። እምቢ!

እጇ ቀበቷቸው ላይ አንድ ነገር ነካ። ለማድረቅ የሚሰቅሉትን አሳ የሚሰነጥቁበት ቢላዋ...

ቆረጠችው።

አባባ ፍሎሪስ እያሳሉ ብቅ አሉ።

«አብደዋል እንዴ?! ቢሞቱብኝስ?!»

ትንፋሻቸውን እስኪያገኙ ጊዜ ወሰደባቸው።

«እኔ... ቢላዋ ነበረኝ» አሉ። «ማርሎን ግን አልያዘም ነበር።»

...

ዊልና እጇ ላይ የቀረውን የተቆረጠ ገመድ አየችው።

«ሳገኘው ታስሮ ነበር፣ ልጄ። ገመዱን ቆርጬ አወጣሁት። ለማንም አልተናገርኩም... ቋጠሮውን በልጅነቱ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን...?»

«አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያስረኝ። በኛ በከባዱ የአሳ ጀልባ ላይ ገመድ ሕይወት ነው። ያ አይገለበጥም። ይሄ እንደ ላባ የቀለለው ግን ሲገለበጥ የታሰረበትን ሰው አይለቅም።»



ዊልና ወደ ዳር ዞረች። ኤስሜ አሸዋው ላይ ቆማ ታያቸዋለች። ትንሽ ዘግይተው ቢሆን ኖሮ...

ልትመታቸው ፈለገች። ልታቅፋቸውም ፈለገች። ሁለቱንም አላደረገችም።

ጀልባውን አቃንታ፣ ገመዱን ከላዩ ፈልቅቃ ወደ ዳር ወረወረችው።

«ኤስሜ! ነይ!»

«እማ፣ ገመዱስ?»

«ገመድ የለም። ላይፍ ጃኬትሽ ይበቃሻል። መጀመሪያ መገልበጥ ነው የምንማረው!»

ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሆን ብላ ከነጀልባው ገለበጠቻት። ኤስሜ አለቀሰች። ደግማ ገለበጠቻት። ውሃ ተፍታ ተሳደበች። እንደገና...

«እማ፣ ድገሚኝ!»

ውድድሩ ተጀመረ። ከሩቁ መዞሪያ ላይ ነፋሱ መጣና የእናትና ልጅን ጀልባ አነሳው... ደፋው።

አባባ ፍሎሪስ ሳያስቡት አንገታቸው ድረስ ውሃው ውስጥ ገብተው ነበር።

መጀመሪያ ብቅ ያለችው ትንሿ ጭንቅላት ናት።

«እማ! እኔ ወጥቻለሁ! አንቺ የት ነሽ?!»

ጀልባውን አቀኑት። ከሁሉም ኋላ ገቡ። ኤስሜ ግን እጆቿን እንደ አሸናፊ ሰቅላ ነበር...

ዊልና ቢላዋውን አልመለሰችም። ዛሬም ባሕር ስትወጣ ወገቧ ላይ ነው። አባባ ፍሎሪስንም እስካሁን «ይቅር ብዬዎታለሁ» አላለቻቸውም።

ወዳጆቼ... አፍረን የደበቅነው ስህተት የተቀበረ ይመስለናል። አልተቀበረም። ቁጭ ብሎ የልጅ ልጃችንን ይጠብቃል። ልጅን መውደድ ደግሞ እንዳትወድቅ አጥብቆ ማሰር ሳይሆን፣ ወድቃ እንዴት እንደምትወጣ አብሯት እየወደቁ ማሳየት ነው።

እኒህ አባት ሁለት ዓመት ዝም አሉ... መናገር ሲያቅታቸው በገዛ ነፍሳቸው አሳዩ።

እናንተ በዊልና ቦታ ብትሆኑ ይቅር ትሏቸው ነበር? ከልባችሁ ሆናችሁ ኮመንት ላይ ንገሩኝ...