ቁልፍ የሌላት ብስክሌት

ሰዎች ከቀበሌው ስብሰባ ሲወጡ፣ በር ላይ ከታሰሩት ሦስት አዳዲስ ብስክሌቶች የተረፈው የተቆረጠ ሰንሰለት ብቻ ነበር። ቁልፍ አይታ የማታውቀው የመምህር ደገፋ የዛገች ብስክሌት ግን ግንቡን ተደግፋ ቆማ ጠበቀችው። ጠዋት ሊቀመንበሩ፣ «መምህር፣ ይህችን ሌባ ቢያያት መዋጮ ይሰበስብልዎታል» ብሎ ሰዉን አስቆባት ነበር።

ያው ሊቀመንበር አሁን የራሱን ብስክሌት አጥቶ፣ «ለፖሊስ ላመልክት፣ ያውሱኝ» አለና ዘሎ ወጣባት። ሦስት ክንድ ሳትሄድ የፔዳሏ ካቴና ወለቀ።

ደገፋ አልሳቀም። ካቴናውን በሁለት ጣቱ መለሰ፤ ኮርቻዋን በመሀረቡ ጠረገ። «ሰው ትለያለች፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ። «ከኋላ ይፈናጠጡ።» ሊቀመንበሩ ሕዝብ እያየው ተፈናጠጠና እንዳይወድቅ የመምህሩን ቀበቶ ያዘ። ፖሊስ ጣቢያው በአቋራጭ ቅርብ ነበር። ደገፋ ግን ደወሏን እያቃጨለ በናዝሬት ገበያ በኩል ዞረ።