ጥጡ እስኪርስ

ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ ልጁ ሲል ማጨስ አቆምኩ ብሎ ከማለ ወዲህ፣ ቬፑን፣ ፈሳሽ እያተነነ የሚጨሰውን የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ የሚስበው ባኞ ቤት ተደብቆ ነው።

ዛሬ አዲስ ኮይል፣ ያቺን ጥጥ የተጠቀለለባት ሽቦ፣ ገጠመ። ሻጩ "ፈሳሹን ሞልተህ ጥጡ እስኪርስ ታገስ" ብሎት ነበር። ልጁ ግን ከትምህርት ቤት መምጫዋ ደርሷል። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋ፣ በመስኮት አጮለቀ። አላስቻለውም፤ ሳበው።

ያረረ ጥጥ ጉሮሮውን ለበለበው። ሳሉ አልቆምለት አለ።

በሩ ተንኳኳ።

"አባዬ፣ ምን ሆነሃል?" አለች ልጁ ከውጭ።

"ጉንፋን ነው!" አለ፣ ጭሱን በፎጣ እያባረረ።

አሸተተች። ከዚያ እናቷ እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"ኮይሉን ጣለው፤ አንዴ ካረረ አይሆንም" አለችው። "እኔ ጋ ትርፍ አለ።"