የክሌርሚዝ መዳፍ

ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፤ ክሌርሚዝ ተራዋ ሊደርስ ሦስት ሰው ብቻ ቀርቷታል።

የሄይቲ ዋና ከተማ የፖርቶፕሬንስ ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ብቻ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ልጇ ሮዝሎር ባሕር ማዶ፣ በፈረንሳዮች ግዛት፣ ካየን ከተማ ሆስፒታል ተኝታለች፤ በሚመጣው ሐሙስ ሆዷን ከፍተው ሕፃኑን ሊያወጡላት ነው። የፈረንሳዮቹ ቆንስላ ዛሬ ቪዛ ካልሰጣት ልጅቷ ብቻዋን ናት።

ከኋላዋ የቆሙት ጎረቤቷ፣ ጡረተኛው መምህር ዴርቪል፣ "እስቲ ፈረንሳይኛውን እንደገና በይው" አሏት።

"ዠ ቪያን ኮንሱላ…"

"'ኦ ኮንሱላ' በይ! 'ኦ' ማለት 'ወደ' ነው፤ እንደ ማንኳኳት ነው። ሳታንኳኪ ሰው ቤት ትገቢያለሽ?"

"ጋሽ ዴርቪል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳንኳኳ ጉሮሮዬ ደረቀ እኮ!"

ከፊት ያለችው ሙዝ ነጋዴ ሳቀች። "ፍየሎቿ ሳይቀሩ ፈረንሳይኛ ችለዋል አሉ!"

ክሌርሚዝ ግን አልሳቀችም። ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ጋ ቆማለች።

አረፍተ ነገሩን አንዲት ሳታዛንፍ አለችው። ወደ ቆንስላው መጣሁ፤ ስለ ልጄ መጣሁ። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠችው የቆንስላው ሠራተኛ፣ ያገሯ ልጅ፣ ራሷን ነቀነቀችና በፈረንሳይኛ ቶሎ ቶሎ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ክሌርሚዝ ምንም አልገባትም። ያንኑ ከመጀመሪያው ጀመረችው።

ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠች። "እማማ፣ በቤታችን ቋንቋ ይንገሩኝ" አለቻት በክሪዮል። "ልጅዎ ምን ሆነች?"

የክሌርሚዝ ቀኝ እጅ ሳታዘው ተጨበጠ፤ ከጀርባዋ ተደበቀ። ትምህርት ቤት በገባች በሁለተኛው ሳምንት፣ ክፍል ውስጥ በተከለከለው በዚያው ቋንቋ ውሃ ጠይቃ፣ መዳፏን በማስመሪያ ገርፈዋታል። ሃምሳ ዓመት ሆነው። ሊፈትኑኝ ነው፣ አለች በልቧ፤ አፌን ከከፈትኩ ያባርሩኛል።

ዞር ብላ ጋሽ ዴርቪልን አየቻቸው። ሽማግሌው አቀረቀሩ። እሳቸውም በዘመናቸው ማስመሪያ ይዘዋል።

"በይ ንገሪያት፣ እህቴ" አሉ ዝግ ብለው። ሦስት ቀን ሙሉ ፈረንሳይኛ ብቻ ሲያናግሯት የከረሙት ሰው፣ በክሪዮል።

ክሌርሚዝ እጇን ከጀርባዋ አወጣች። ጭብጧን ፈታ መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈችው። "ልጄን ሊቀዷት ነው" አለች። "እጇን የሚይዝላት ሰው የላትም።"

ልጅቷ ማኅተሟን ስታነሳ፣ የክሌርሚዝ ላብ መስታወቱ ላይ ገና አልደረቀም ነበር፤ አምስቱም ጣት ይታያል።

እናንተም ልጆቼ፣ መስኮት ፊት ቆሞ ቃል የጠፋው ሰው ስታዩ፣ ያችን መዳፍ አስታውሱልኝ።