ልጅ መያዝ ኮሌጅ ገብቶ የተማረው ሹፌር

«ይሄ ሰውዬ ካልወጣ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ!»

ይህን ያለችው አንዲት እናት ናት... የሕፃናት ማቆያ በር ላይ ቆማ።

ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታስገባ የመጣችበት ጠዋት ነው። ሥራ ረፍዶባታል። አንዴ ስልኳን ታያለች... አንዴ ሰውየውን... እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ አለ።

ሰውየው ደግሞ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ትልቅ ሰው። ጭኑ ላይ ሕፃን፣ እጁ ላይ ጡጦ።

ታሪኩን የነገረችኝ እህቴ ናት። እሷም ከኮሌጅ ተልካ እዚያው ክፍል የተግባር ልምምድ ላይ ነበረች። ስለዚህ «አድሚን ፈጠርከው» የምትሉኝ ሰዎች... ዛሬ እንኳ እረፉልኝ።

ሰውየው የክፍል ጓደኛዋ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የሕፃናት እንክብካቤ ሊማር ኮሌጅ የገባ!

ተማሪዎቹ ሴቶች መጀመሪያ በሳቅ ሞቱ። ከዚያ «ጋሼ ፍሬቻ» የሚል ስም አወጡለት።

ለምን መሰላችሁ?

ሕፃን ከመንካታችሁ በፊት ምን ልታደርጉ እንደሆነ ንገሩት ተብለው ተምረዋል። ሌሎቹ አንዳንዴ ይረሱታል። እሱ ግን...

«አሁን ላነሳሽ ነው፣ እሺ?... አሁን አፍንጫሽን ልጠርግ ነው... አሁን ወደ ግራ ላዞርሽ ነው።»

ፍሬቻ ሳያሳይ አይታጠፍም!

ወደ በሩ እንመለስ።

የማቆያው ኃላፊ እየሮጠች መጣች። «እህቴ ተረጋጊ... ተማሪ ናቸው። ልምምዳቸውን ሊጨርሱ ትንሽ ነው የቀራቸው። ካልጨረሱ ኮሌጁ አያስመርቃቸውም።»

«አይመረቃ! እኔ ምን አገባኝ?»

እህቴ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረባትም። «ወንድ ስለሆኑ ነው አይደል? ወንዶች ልጅ አይያዙ ያለው ማነው?»

«አንቺ የማታውቂው ነገር ውስጥ አትግቢ!»

ሰውየው ጭኑ ላይ ያለውን ሕፃን «አሁን ለእሷ ልሰጥህ ነው» አለውና ለእህቴ አቀበላት። ቦርሳውን አነሳ።

ከኋላ ሌሎች ወላጆች ተሰልፈዋል... አንዱ ልጅ ያለቅሳል... አንዱ ጫማ አላወልቅም ብሎ ይንፈራገጣል... ቤቱ ተቀወጠ።

በዚህ መሀል የሴትየዋ ልጅ ኳስ አየችና ከእናቷ እጅ ወርዳ ወደ ውስጥ ገባች። እናት ቀስ ብላ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረች። ልጅቷ ሳታያት ልትሾልክ...

ጋሼ ፍሬቻ መንገዱን ዘጋ።

«ሳትነግሪያት አትሂጂ። ቻው በያት። ብታለቅስም ግድ የለም። ተደብቀሽ ከሄድሽ ቀኑን ሙሉ በሩን ስታይ ነው የምትውለው።»

ኧረ ምን ነካው! ውጣ የተባለ ሰው እኮ ነው!

ሴትየዋ ፈነዳች።

«አንተ ነህ ይሄን የምትነግረኝ? አንተ?! ተኝቼ እያለሁ መኪናህን አስነስተህ ስትሄድ የኖርከው? ስነቃ ባዶ አልጋህን እየዳበስኩ ያደግኩት እኔ ነኝ!»

እህቴና ኃላፊዋ ተያዩ።

አባቷ ነው።

እህቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «እንዳታለቅሺ ብዬ ነበር...»

«አለቅስ ነበር እኮ! አንተ አልሰማህም እንጂ።»

ኃላፊዋ ግራ ገባት። «ጋሼ፣ ልጅዎ እዚህ እንደምትመጣ አውቀው ነው?»

«በፍጹም። የመደበኝ ኮሌጁ ነው። የልጅ ልጄ የተወለደች ሰሞን ቤቷ ሄጄ፣ አንቺ ሥራሽን ግቢ፣ እኔ እይዝልሻለሁ አልኳት። እሷም 'ልጅ መያዝ የት ታውቃለህ? መጀመሪያ ተማር!' ብላ በሩን ዘጋችብኝ።»

ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ።

«እውነቷን ነው። አላውቅም ነበር። ሄጄ ተመዘገብኩ።»

አያችሁልኝ? እሷ ልታቆስለው የተናገረችውን... ሰውየው እንደ ምክር ተቀብሎ ደብተር ገዛበት!

አሁን ተቃቅፈው ተላቀሱ እንድላችሁ ጠብቃችኋል። አልተቃቀፉም።

«ይቆይ» አለች ለኃላፊዋ። «ልጄን ግን እሱ አይያዛት። ሌላ ሰው ይያዛት።»

ልጇን ጠርታ ሳመቻት፣ ቻው አለቻትና ፊቷን እየጠረገች ወጣች።

እሱም የተባለውን አከበረ። የሰው ልጆች እያበላ፣ እያጠበ፣ እያስተኛ... የገዛ የልጅ ልጁን ከክፍሉ ማዶ ሆኖ እያየ ሰነበተ። ትንሿ እጇን ዘርግታ ወደ እሱ ስትመጣ እንኳ አይነካትም፣ እህቴን ይጠራል። እህቴ መታጠቢያ ቤት እየገባች ታለቅስ ነበር።

ልምምዱ ያለቀ ቀን እናትየዋ ልጇን ልትወስድ መጣች። ወሰደች። ወጣች...

ከዚያ ተመለሰች።

ፊቱን ሳታይ «ቅዳሜ ሥራ አለኝ» አለች። «ማቆያው ደግሞ ዝግ ነው።»

እሱ ገብቶታል። ግን ተሳስቼ እንዳይሆን ብሎ ፈራ መሰለኝ፣ አሻንጉሊት መልቀሙን ቀጠለ።

«የሚይዝልኝ ሰው የለኝም እያልኩህ ነው እኮ... አባዬ።»

ያ ሁሉ ጭነት የጎተተ ሰው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ።

ወገኖቼ፣ ልጅ መያዝ ሴት ሆኖ በመወለድ ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም። ይማሩታል! በሽበትም ይማሩታል። ግን ደግሞ ሰርተፊኬቱ ለሚመጣው እንጂ ላለፈው አይሠራም... ያለፈውን ይቅር የማለት መብቱ የተበደለው ሰው ነው። ሰውየው ይቅርታ አድርጊልኝ ብሎ አልነዘነዛትም። ተምሮ ጠበቃት።

እኔ በበኩሌ ቂመኛ ነኝ፣ አልዋሻችሁም። በእሷ ቦታ ብሆን ቅዳሜን ከሥራ እቀር ነበር እንጂ አልጠራውም ነበር።

እናንተስ? ልጃችሁን ትሰጡት ነበር... ወይስ ረፍዷል ትሉት ነበር? እስቲ እውነቱን ጻፉልኝ።